ማን ይበልጣል? ስለ ሮክ ጊታር ተጫዋቾች ደረጃና ስለ መመዘኛው ቁና

መቼም የሰው ልጅ ማበላለጥ ይወዳል። ሯጭን ከሯጭ፣ በሬን ከበሬ፣ ጠጅን ከጠጅ ያበላልጣል። ሯጭን ማበላለጥ ከሁሉም ይቀላል፤ መነሻና መድረሻ መስመር አለ፣ ሰዓት የሚይዝ ዳኛ አለ፣ ቀድሞ የደረሰ ቀደመ። ወደ ሙዚቀኛ ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። መድረሻው መስመር የት ላይ እንደተሠመረ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙምና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካና በእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪዎች መካከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይበርድ የቆየውን «ከጊታር ተጫዋቾች ሁሉ ታላቁ ማነው?» የሚለውን ክርክር ነው። አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ይህ ለመምህርነት ሥልጠና ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ይረባል። ዛሬ ሠልጣኝ የሆነ ሁሉ ነገ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ሮስተር ይሠራል፤ የ60ና የ70 ልጆችን ውጤት ደምሮ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 41ኛ እያለ በካርዳቸው ላይ ይጽፋል። ያን ቁጥር የሚጽፍ እጅ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ አለበት። ይህን ለማየት ደግሞ ከራሳችን ክፍል ይልቅ ወገን የማንይዝበት የሩቅ ምሳሌ ይሻላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮክን ላልተከታተለ አንባቢ ጥቂት መንደርደሪያ እንስጥ። ሮክ በ1950ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋ ሙዚቃ ሲሆን ዋነኛ ሥሩ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና ጎስፔል የሚባለው የቤተ ክርስቲያን መዝሙራቸው ነው፤ ካንትሪ የተባለው የገጠሩ ዘፈንም ታክሎበታል። ዋና መሣሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የብሉዝና የሮክ ተጫዋቾች አብዝተው የሚመላለሱበት የድምፅ መሰላል እንደ እኛ ቅኝቶች ባለ 5 ድምፅ ነው (አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ የሚመሳሰሉት በቁጥር ነው)። 3 ቃላት ደግሞ መታወቅ አለባቸው። ዘፋኙ ዝም ሲል ጊታሩ ብቻውን ወጥቶ የሚናገርበት ክፍል ሶሎ ይባላል። ከዘፈኑ በታች ሆኖ ምቱን ይዞ የሚሄደው አጨዋወት ሪትም ነው። ሪፍ የሚባለው እየተመላለሰ የሚደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ ሲሆን፣ ዘፈኑን ከሩቅ የምናውቀው ብዙ ጊዜ በሪፉ ነው። ከክርክሩ ግማሹ የሚነሣው አንዱ ስለ ሶሎ ሲያወራ ሌላው ስለ ሪፍ ስለሚያወራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የግድግዳው ጽሑፍና የመጽሔቶቹ ዝርዝር

በ1960ዎቹ አጋማሽ በለንደን ከተማ አንድ ግድግዳ ላይ «ክላፕተን አምላክ ነው» የሚል ጽሑፍ በቀለም ተጽፎ ታየ። ኤሪክ ክላፕተን በዚያን ጊዜ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። (ያም እንግዲህ የግድግዳ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የኛ አዘጋጅ ኮሚቴ ያለው መሆኑ ላይ ነው።) በመስከረም 1966 ጂሚ ሄንድሪክስ የሚባል የሲያትል ተወላጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ለንደን ገባ። ግራኝ ነው፤ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይጫወታል። በመጣ በሳምንቱ ገደማ፣ በጥቅምት 1 ቀን፣ የክላፕተን ቡድን ክሪም በአንድ ፖሊቴክኒክ አዳራሽ ሲጫወት «አንድ ዘፈን አብሬያችሁ ልጫወት» ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። ክላፕተንም በሰማው ነገር መደንገጡን አልደበቀም። እንግዲህ ግድግዳ ላይ አምላክ የተባለው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ 2ኛ ሆኖ ተገኘ። ለማን? ለዚያ አዳራሽ አድማጭ። ሌላው የለንደን ነዋሪ አልሰማም።

ከዚያ ወዲህ የግድግዳውን ሥራ መጽሔቶች ወሰዱት። ጊታር ፕሌየር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በየዓመቱ የአንባቢዎቹን ድምፅ ይሰበስብ ነበር። የዚህ መጽሔት አንባቢ ባብዛኛው ራሱም ጊታር የሚነካ ሰው ነው። በዚያ ምርጫ ከ1977 እስከ 1981 ድረስ ለ5 ተከታታይ ዓመት በአጠቃላይ ዘርፍ 1ኛ የወጣው የየስ ቡድን ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃው ነበር። ከ1982 እስከ 1986 ደግሞ ስቲቭ ሞርስ እንዲሁ ለ5 ዓመት አሸነፈ። መጽሔቱም 5 ጊዜ ያሸነፈን ሰው «አሁንስ ለሌላው ተወው» በሚል ዓይነት ከውድድሩ አውጥቶ በክብር መዝገብ ያሰፍረው ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ሮሊንግ ስቶን የተባለው ሌላው የአሜሪካ መጽሔት በ2003 የምንጊዜም 100 ታላላቅ ጊታር ተጫዋቾች የሚል ዝርዝር አወጣ። ያዘጋጀው የመጽሔቱ ጸሐፊ ዴቪድ ፍሪክ ነው። 1ኛ ሄንድሪክስ፣ 2ኛ ዱዌይን ኦልማን፣ 3ኛ ቢ ቢ ኪንግ፣ 4ኛ ክላፕተን። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ቢያጉረመርምም ተቀበለ። ወደ ታች ሲወርድ ግን ጉድ ተሰማ። ራይ ኩደር 8ኛ ነው። ከራሞንስ ቡድን ጆኒ ራሞን 16ኛ ነው። ኤዲ ቫን ሄለን ደግሞ 70ኛ! ፕሪንስ ጭራሽ የለም። ከ100ው ውስጥ ሴቶች 2 ብቻ ናቸው፤ ጆኒ ሚቸል 72ኛ፣ ጆአን ጄት 87ኛ።

አድናቂ ተንጫጫ። የቫን ሄለንን ቁጣ ለመረዳት ሰውየው ምን እንደሠራ ማወቅ ያሻል። በ1978 በወጣው የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም ውስጥ «ኢራፕሽን» የምትባል የ1 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ሥራ አለች። በዚያች ሥራ የቀኝ እጅ ጣቶች ከመምታት አልፈው በጊታሩ አንገት ላይ ወጥተው ክሩን እየነኩ ከግራው እጅ ጋር እንደ ፒያኖ ይሠራሉ። በሺህ የሚቆጠር ወጣት ያንን ለመድገም ጣቱ እስኪቆስል ተለማመደ። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው 70ኛ ሲሆን፣ ክሩን ከላይ ወደ ታች ብቻ እየመታ፣ ሶሎ እምብዛም ሳይጫወት ያለፈው ጆኒ ራሞን እንዴት 16ኛ ይሆናል? አሉ።

የፕሪንስ ወገኖች ግን ብዙ መከራከር አላስፈለጋቸውም። ዝርዝሩ ከወጣ ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2004 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገው የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ለጆርጅ ሃሪሰን መታሰቢያ በቀረበው ዘፈን መጨረሻ ላይ ፕሪንስ ወደ ፊት ወጥቶ ሶሎ ተጫወተ። ሲጨርስም ጊታሩን ወደ ላይ ወርውሮ ከመድረክ ወረደ። ዛሬም «ፕሪንስ የታለ?» የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ደጋፊዎቹ የሚያሳዩት ያንን ፊልም ነው።

በ2011 መጽሔቱ ዘዴውን ለወጠ። አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ ከ50 የሚበልጡ ጊታር ተጫዋቾችና አዋቂዎች ድምፅ እንዲሰጡ ተደረገ። (ከነሱም አንዱ የክዊን ቡድን ብራያን ሜይ ነበር፤ እሱ ከሙያ ባልደረቦቻችን ይቆጠራል ልበል? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሯል።) ውጤቱ ሲወጣ ሄንድሪክስ እንደገና 1ኛ፣ ክላፕተን 2ኛ፣ ጂሚ ፔጅ 3ኛ። ቫን ሄለን ከ70ኛ ወደ 8ኛ ወጣ። ፕሪንስ ከምንም ተነሥቶ 33ኛ ሆነ። ራይ ኩደር ወደ 31ኛ፣ ጆኒ ራሞን ወደ 28ኛ ወረዱ።

በጥቅምት 2023 ደግሞ የ250 ሰዎች ዝርዝር መጣ። ሄንድሪክስ ለ3ኛ ጊዜ 1ኛ ነው፤ ቸክ ቤሪ 2ኛ፣ ፔጅ 3ኛ፣ ቫን ሄለን 4ኛ። 6ኛዋ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ናት፤ በ2003ቱ 100 ውስጥ ስሟ ያልነበረ። 7ኛው ናይል ሮጀርስ ነው። ጆኒ ሚቸል 72ኛ፣ ቀጥሎም 75ኛ የነበረችው 9ኛ ሆነች። 2ኛ የነበረው ክላፕተን 35ኛ ላይ ተገኘ። ስቲቭ ሃውና ስቲቭ ሞርስስ? በጊታር ነካሪዎች ድምፅ በድምሩ ለ10 ዓመት የነገሡት እነዚህ ሁለቱ በ3ቱም ዝርዝሮች ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ የሉም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቫን ሄለን 70፣ 8፣ 4። ሰውየው በጥቅምት 2020 ዐርፏል። «ኢራፕሽን» በ2003ም 1 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ነበረች፣ በ2023ም ያችው ናት። በሸክላው ላይ አንድ ድምፅ አልተጨመረም፣ አንድ ድምፅ አልተቀነሰም።

ክርክሩ ስለ ቁናው ነው

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። የአድናቂዎቹን ሙግት ጠጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው የሚያገኘው እህሉ ላይ ጠብ እንደሌለ ነው። ቫን ሄለን ፈጣን መሆኑን ማንም አይክድም። ራሞን ሶሎ አለመጫወቱን ማንም አይክድም። ጠቡ ፍጥነት ይሰፈር ወይስ አይሰፈር የሚለው ነው፤ ነገር ግን ቁናውን ሳያወጡ እህሉን ስለሚያፍሱ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

«ታላቅ» የሚለው የኛ ቃል ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል፣ ደግሞም ይፈታዋል። ታላቅ ማለት ትልቅ፣ ክቡር ማለት ነው። ታላቅ ማለት ደግሞ ቀድሞ የተወለደ ማለት ነው፤ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እኅት እንላለን። በሁለተኛው ትርጉም ከሄድን ከቸክ ቤሪና ከሮዜታ ታርፕ በላይ ማንን እናስቀምጣለን? ታርፕ በ1915 በአርካንሶ የተወለደች የጎስፔል ዘማሪት ናት። ሮክ የሚለው ስም ሳይለመድ፣ በ1940ዎቹ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ውስጥ በኋላ ሮክ የተባለውን አጨዋወት ትጫወት ነበር። በ1964 ማንቸስተር አጠገብ ሥራ ባቆመ የባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከካፖርቷ ጋር ጊታሯን አንግታ የተጫወተችበት የቴሌቪዥን ፊልም አለ። በ1973 ዐረፈች። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሟን ያስገባው በ2018 ነው፤ ከ45 ዓመት በኋላ። በእኔ በኩል በ2003 ከ100ው መቅረቷ ከቫን ሄለን 70ኛነት የበለጠ ጉድለት ነበር እላለሁ። የቫን ሄለን ደጋፊ ብዙ ስለሆነ ጮኸ፤ ለሷ የጮኸ ግን ጥቂት ነው። ዝርዝር ውስጥ ዝቅ ያለ ሰው ቢያንስ ስሙ ይነበባል። ያልተጻፈ ሰው ላይ ክርክርም የለ።

ቅድሚያንም ቢሆን መስፈር ቀላል አይደለም። ቸክ ቤሪ በ1958 ያወጣው «ጆኒ ቢ ጉድ» በ1977 ወደ ጠፈር በተላኩት የቮየጀር መንኮራኩሮች የወርቅ ሸክላ ላይ ተቀርጾ ሄዷል፤ ከምድር ውጭ የተላከ የሮክ ጊታር እሱ ነው። ታዲያ የዘፈኑ መክፈቻ የጊታር ሐረግ በ1946 በሉዊስ ጆርዳን ቡድን ውስጥ ካርል ሆጋን የተጫወተውን በእጅጉ ይመስላል፤ ቤሪም የሆጋንን ውለታ አልካደም። የቫን ሄለንም የሁለት እጅ ዘዴ ከሱ በፊት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጄኔሲስ ቡድን ስቲቭ ሃኬት ይሠራበት ነበር። ጀማሪውን ስንፈልግ ሁልጊዜ ከጀማሪው በፊት አንድ ሰው ቆሞ እናገኛለን። በመሆኑም «የመጀመሪያው» የሚለው መመዘኛ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ያሰማን» ማለት ነው።

ፍጥነትንም እንይ። ስዊድናዊው ይንግቬ ማልምስቲን ከ1984 ጀምሮ የቫዮሊን ሙዚቃ የሚያህል የፍጥነት ብዛት በጊታር አሳይቷል። በአንጻሩ ቢ ቢ ኪንግ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ክር በአንድ ጊዜ መምታት፣ እንደማይሆንለት ራሱ ይናገር ነበር። አንድ ድምፅ ይመታል፣ ጣቱን ያንቀጠቅጣል፣ ዝም ይላል። ያ ዝምታው ደግሞ የሚሰማ ዝምታ ነው። ፍጥነትን የሚሰፍር ቁና ቢ ቢ ኪንግን ባዶ ያደርገዋል። የአንዲትን ድምፅ ክብደት የሚሰፍር ቁና ማልምስቲንን ይበትነዋል። ሁለቱም ቁናዎች ትክክል ናቸው፣ ግን ለየራሳቸው እህል።

ራሞንንም ያመጣው የራሱ ቁና ነው። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም በ1976 ሲወጣ 14 ዘፈን በ29 ደቂቃ ውስጥ ያዘ። ረጅም ሶሎ የሰለቸው ወጣት «ይህንንማ እኔም እችላለሁ» ብሎ ጊታር ገዛ። ስንቱን ለጊታር አነሣሣ ብለን ከሰፈርን 16ኛ ሲያንስ ነው። ናይል ሮጀርስም በሺክ ቡድን ውስጥ የሚታወቀው በሪትም ነው፤ ሶሎ ብቻ የሚሰማ ጆሮ ያልፈዋል፣ የሚጨፍር እግር ግን አያልፈውም። በ2023 የዝርዝሩ አዘጋጆች ከተጣራ ችሎታ ይልቅ ስሜትንና ፈጠራን እንዳስቀደሙ በመግቢያቸው ገልጸዋል። በዚህ ጥሩ አድርገዋል። ቁናውን አሳይቶ የሰፈረ ሰው ቢያንስ ልንሞግተው እንችላለን።

ስለ ቶኒ አዮሚ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። የበርሚንግሃም ልጅ ነው፤ በ17 ዓመቱ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ሥራውን ሊለቅ በነበረበት በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ በመሆኑ ቀኙ ክሩን የሚጫንበት እጅ ነው። ጊታር በቃ አበቃ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃ ሸክላ ይዞለት ቤቱ መጣ፤ የጃንጎ ራይንሃርትን። ካደመጠ በኋላ ይህ ተጫዋች በ1928 በእሳት አደጋ ከተጎዳ ወዲህ በግራ እጁ ሶሎውን በ2 ጣት እንደሚጫወት ነገረው። አዮሚም ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ጫፍ ቆብ ሠራ፣ በላዩም ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር አስገባ፣ ቆየት ብሎም ክሩን አላልቶ ድምፁን ወደ ታች አወረደው። በ1970 የወጣው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም፣ ከዚያም በኋላ የመጡት፣ ሄቪ ሜታል ለተባለው ሙዚቃ መሠረት ሆኑ። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ አዮሚን ስንመዝን የተወጣውን ዳገት እንቁጠርለት ወይስ የደረሰበትን ቦታ ብቻ? በ2003 86ኛ፣ በ2011 25ኛ ተብሏል። ለመምህር ይህ የጊታር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከ30 ተነሥቶ 60 የገባ ልጅና 85 ላይ ተቀምጦ 85 የቆየ ልጅ በአንድ ሮስተር ላይ አሉ፤ ካርዱ የሚያውቀው የመድረሻውን ቁጥር ነው። እኔ ዳገቱ ከቁጥሩ ጋር ይደመር አልልም፣ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ነገር ግን ከቁጥሩ አጠገብ በጽሑፍ ይግባ እላለሁ፤ ካርድ ላይ «የመምህሩ አስተያየት» የሚለው ባዶ መስመር ለዚህ ካልሆነ ለምን ተሠመረ?

9 ወረቀት፣ 3 አሸናፊ

ቁናው ከታወቀ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ድምፅ አቆጣጠሩ ራሱ አሸናፊ ይለውጣል። ይህን በምናባችን እንሞክረው። 9 የሮክ አፍቃሪዎች ስለ ፔጅ፣ ስለ ቫን ሄለንና ስለ ቢ ቢ ኪንግ ደረጃ ጽፈው ወረቀታቸውን ሣጥን ውስጥ ከተቱ እንበል። 4ቱ ፔጅን 1ኛ፣ ኪንግን 2ኛ፣ ቫን ሄለንን 3ኛ አሉ። 3ቱ ቫን ሄለንን 1ኛ፣ ኪንግን 2ኛ፣ ፔጅን 3ኛ አሉ። የቀሩት 2 ደግሞ ኪንግን 1ኛ፣ ቫን ሄለንን 2ኛ፣ ፔጅን 3ኛ አሉ።

ብዙ 1ኛ ያገኘ ያሸንፍ ካልን ፔጅ በ4 ድምፅ አሸነፈ። ቆይ፣ ከግማሽ በላይ ያላገኘ አያሸንፍም ካልን፣ መጨረሻ የሆነው ኪንግ ይወጣና የሱ 2 መራጮች ወደ 2ኛ ምርጫቸው ወደ ቫን ሄለን ይሄዳሉ፤ ቫን ሄለን 5 ለ4 አሸነፈ። የለም፣ ለ1ኛ 3 ነጥብ፣ ለ2ኛ 2፣ ለ3ኛ 1 እንስጥ ካልን ደግሞ ፔጅ 17፣ ቫን ሄለን 17፣ ኪንግ 20 አገኙ፤ ኪንግ አሸነፈ። ራሳችሁ ደምራችሁ አረጋግጡ። ወረቀቶቹ ያው 9 ናቸው። አንድም መራጭ ሐሳቡን አልለወጠም። 3ቱም ውጤቶች ያለ አንዳች ማጭበርበር የተገኙ ናቸው።

ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ያዘጋጀው ዝርዝር እንደ ራይ ኩደርና እንደ ራሞን ያሉ ያልተጠበቁ ስሞችን ሽቅብ ሲያወጣ፣ የብዙ ሰው ድምር ግን ሁሉም በመጠኑ የሚስማማባቸውን ከፍ ያደርጋል። ጥቂት ሰዎች አጥብቀው የሚወዱት ሰው በድምር ይቀበራል።

የኛስ ሮስተር?

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ሮስተር ስንሠራ ሁሉንም ትምህርት ከ100 ይዘን እንደምራለን። «ሁሉም ከ100 ስለሆነ ሁሉም እኩል ነው» እንላለን። እውን እኩል ነው? በአንድ ክፍል የሥዕል ውጤት ከ78 እስከ 84፣ የሒሳብ ውጤት ደግሞ ከ25 እስከ 95 ነው እንበል። አልማዝ በሥዕል ከሁሉ በልጣ 84፣ በሒሳብ 60 አመጣች፤ ድምር 144። ከበደ በሥዕል የክፍሉ መጨረሻ ሆኖ 78፣ በሒሳብ 67 አመጣ፤ ድምር 145። ከበደ በለጠ። በሥዕል 1ኛ መሆን አልማዝን አልረዳትም፣ በሥዕል መጨረሻ መሆንም ከበደን አልጎዳውም። ምክንያቱም የሥዕሉ መምህር ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ስለሰጡ ትምህርታቸው በደረጃው ላይ ሥልጣን የለውም። ደረጃውን ያወጡት የሒሳቡ መምህር ናቸው፣ ሳያውቁት። በሙዚቃ ዳኝነትም ያው ነው፤ ለሁሉም 8ና 9 የሚሰጥ ዳኛ የለም ማለት ይቻላል፣ ከ1 እስከ 10 የሚያራርቀው ዳኛ ግን ብቻውን ይፈርዳል።

ሌላም አለ። ደረጃ ርቀትን ይደብቃል። ሄንድሪክስ 1ኛ፣ ቤሪ 2ኛ ሲባል በመካከላቸው ያለው ስንዝር ነው ወይስ የአንድ ቀን መንገድ? ዝርዝሩ አይናገርም። በ10 ትምህርት በድምሩ 5 ነጥብ፣ ማለትም በአንድ ትምህርት የግማሽ ነጥብ ልዩነት፣ ልጁን ከ35ኛ ወደ 41ኛ ሊያወርደው ይችላል፤ አባቱ ግን ማታ ካርዱን በኩራዝ ሲያይ የሚያየው 6 ሰው መበለጡን ነው። ቀበቶ የሚፈታም አይጠፋም።

አድናቂዎች በዝርዝር መቆጣታቸው አያስገርምም። ሰው በወጣትነቱ የሰማውን ሙዚቃ እንደ ገዛ ዘመኑ ይቆጥረዋል፤ 70ኛ የተባለው ጊታሩ ብቻ ሳይሆን እሱ 16 ዓመት የነበረበት ጊዜ ይመስለዋል። እነሱ ግን ዝርዝሩን ቀድደው መጣል፣ የራሳቸውን ዝርዝር መጻፍ ይችላሉ። ተማሪ ካርዱን ቀድዶ የራሱን አይጽፍም። መምህሩ ያመጣለትን ቁና ነው የሚሰፈርበት፤ ስለዚህ ቁናውን በመንፈቁ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት፣ ከተቻለም በሥዕልና በሒሳብ መካከል ያለውን መራራቅ ከመደመር በፊት ከመምህራኑ ጋር መነጋገር የክፍል ኃላፊው ሥራ ነው።

በማስተማር ልምምድ ላይ ይህን ለመሞከር የሚፈልግ ሠልጣኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። የሮክ ጊታር አያስፈልግም፤ ልጆቹ የሚያውቋቸውን 3 ዘፋኞች ይምረጡ። በመጀመሪያ ያለ ምንም መመዘኛ ደረጃ ይስጡና ወረቀቱ ይሰብሰብ። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል እንዲከራከሩ ይተዉ፣ ይጩኹ፣ አትቆጡ። ጩኸቱ መሀል «ድምፁ»፣ «ግጥሙ»፣ «መጀመሪያ የዘፈነው እሱ ነው» የሚሉትን ቃላት መምህሩ ዝም ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ሰሌዳው ሲሞላ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። በመጨረሻ መጀመሪያ የተሰበሰቡትን ወረቀቶች ከላይ ባየናቸው 3 መንገዶች ይቁጠሯቸው። አሸናፊው በ3ቱም አንድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ በእውነት የተስማሙበት ሰው ተገኘ ማለት ነውና እሱም ትምህርት ነው።

የዚህ ዕትም ጥያቄ፦ ከላይ በተጠቀሱት 9 ወረቀቶች 3ቱን ተጫዋቾች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብታፎካክሩ፣ ሁለቱንም ተፎካካሪዎቹን የሚያሸንፈው ማነው? በስንት ለስንት? መልሳችሁን ከስማችሁና ከሴክሽናችሁ ጋር ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሰሌዳ ጎን በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ ክተቱ።